የሹፌሩ መስታወትና የመንገዱ ሕግ

በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ ኢንተርስቴት 70 የተባለው አውራ ጎዳና ከባሕር ጠለል በላይ 3,400 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ከተበሳው ከአይዘንሃወር ዋሻ ወጥቶ ወደ ዴንቨር ሜዳ በሚወርድበት ጠባብ ሸለቆ ውስጥ፣ ደሞንት በምትባል አነስተኛ መንደር አጠገብ፣ የጭነት መኪና የሚመዘንበትና የሚመረመርበት ጣቢያ አለ። በዚህ ጣቢያ፣ ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው በረዶ ከመንገዱ ተጠርጎ በግራና በቀኝ ተከምሮ ሳለ፣ ከካሊፎርኒያ ብርቱካንና ሎሚ የጫነ ባለ ተሳቢ መኪና በነግህ ወደ ሚዛኑ ገባ። መሪውን የያዘው ሰው ለዴንቨር ጎረቤት በሆነችው በአውሮራ ከተማ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ነበር። ጭነቱ የፌዴራሉ ሕግ ከወሰነው ከ80,000 ፓውንድ፣ ይኸውም ከ36 ቶን ጥቂት ከሚበልጠው መጠን አላለፈም፤ ሰነዶቹም የተሟሉ ነበሩ። ነገር ግን መኪናው ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ በመቆሙ፣ ከተራራው ጫፍ ብቅ ያለችው ፀሐይ ብርሃኗን በቀጥታ ከፊት መስታወቱ ላይ ጣለችበትና በሌሊቱ ጽልመት ተሰውሮ የነበረው ሁሉ ተገለጠ፤ ከቀኝ ጠርዝ ተነሥቶ እስከ መካከል የሚዘልቅ አንድ ረጅም ስንጥቅ፣ በእርሱም ላይ አግድም የተጋደመ ሌላ አጭር ስንጥቅ ታየ። መርማሪው ሹፌሩን ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ እንዲቆም በእጁ ጠቆመው።

ያ ረጅም ስንጥቅ ከልደት በዓል በፊት ጀምሮ ከሹፌሩ ጋራ የኖረ ነው። ባልንጀሮቹ «ስንጥቁ ከዚህ ከበለጠ ያስቀጣሃል» እያሉ ሁሉም የየራሱን ልክ ስለ ነገረው፣ በየሚዛን ጣቢያው ባለፈ ቁጥር በሥጋትና በጭንቀት ያልፍ ነበር። መርማሪው ግን ጣቱን ያሳረፈው በረጅሙ ስንጥቅ ጫፍ ላይ ሳይሆን ሁለቱ ስንጥቆች በተገናኙበት ነጥብ ላይ ሆነ። አጭሩ ስንጥቅ የመጣው በዚያው ሌሊት፣ ከዋሻው ወዲያ ማዶ፣ ከፊቱ ይሄድ የነበረ መኪና በጎማው ካስፈነጠረው ጠጠር ነበርና፣ ሹፌሩ ይህን ያህል የከፋ ነገር መድረሱን አልጠረጠረም። ገንዘብ አልተቀጣም፤ ሆኖም በምርመራው ወረቀት ላይ አንድ የሕግ መተላለፍ ተጻፈበትና ወረቀቱን ተቀብሎ መንገዱን ቀጠለ።

ይህን የነገረኝ በአውሮራ ካሉት የኢትዮጵያውያን ቡና ቤቶች በአንዱ፣ ከሙያ ጓደኞቹ መካከል ተቀምጦ ነው። በዚያች ገበታ ዙሪያ የነበሩት ሁሉ በዚህ ሥራ የሚተዳደሩ ሲሆኑ፣ ስለ መስታወት ሕግ የየራሳቸው ወሬ ነበራቸው፤ ከእነርሱ መካከል ሕጉን አንብቦ የሚያውቀው ግን አንድ ብቻ ነበር። በእኔ አስተያየት፣ ከሀገሩ ወጥቶ በዚህ ታላቅ ጎዳና እንጀራውን የሚያበስለውን ወገናችንን የሚጎዳው የሕጉ ጥብቅነት ሳይሆን የሕጉ አለመታወቅ ነው፤ ባለማወቁ ምክንያት ሕግ የፈቀደለትን ስንጥቅ ሲፈራ ይኖራል፣ ሕግ የከለከለውን ደግሞ ሳያየው ይነዳል።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት የፌዴራሉን ደንቦች መድበል 49ኛ ርዕስ፣ ክፍል 393፣ ቁጥር 60ን መመልከት ይገባል። ይህ ድንጋጌ ስለ ፊት መስታወት ሲናገር አስቀድሞ የሚጠብቀውን ቦታ ይለያል፤ ከታች ከመሪው የላይኛ ጫፍ ትክክል ጀምሮ፣ ከላይ የሁለት ኢንች ወይም የ51 ሚሊሜትር ጠርዝ፣ ከግራና ከቀኝም የአንድ አንድ ኢንች ወይም የ25 ሚሊሜትር ጠርዝ ተትቶ፣ በመካከሉ የሚቀረው የመስታወት ክፍል ከጉዳት ሁሉና ከመልክ መለወጥ ንጹሕ ይሁን ይላል። ይህን ካዘዘ በኋላ ግን የሰውን ኑሮና የመንገድን ጠባይ በሚያውቅ ርኅራኄ ከጉዳት ወገን ሁለት ነገሮችን ይምራል። አንደኛው ከሌላ ስንጥቅ ጋራ ያልተገናኘ ስንጥቅ ነው። ሁለተኛውም ስፋቱ 19 ሚሊሜትር በሆነ ክብ ሊሸፈን የሚችል ቁስል፣ ከሌላ መሰሉ ቁስል ከ76 ሚሊሜትር ያነሰ ርቀት የሌለው እንደ ሆነ ነው። በዚህ አንቀጽ ውስጥ ስለ ስንጥቅ ርዝመት የተነገረ አንድም ቃል የለም። ስለዚህ ያ ሹፌር ከልደት ጀምሮ በሥጋት ተሸክሞት የዞረው ረጅም ስንጥቅ ብቻውን ሳለ ጥፋት አልነበረም፤ ጥፋት የሆነው ሌላው መጥቶ በቈረጠው ሌሊት ነው። ሁለት ስንጥቆች በሚገናኙበት ስፍራ መስታወቱ ከሁለት ወገን ይደክማል፣ እይታውም ከሁለት ወገን ይሰበራልና፣ ድንጋጌው መስቀለኛውን ስንጥቅ ለይቶ መከልከሉ ርቱዕ ነው እላለሁ።

ከተሰበሰቡት ሹፌሮች በዕድሜ የሚያንሰው ይህን ድንጋጌ በሰማ ጊዜ፣ «ታዲያ ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ሚሊሜትር በሌሊት በባትሪ ማን ይለካዋል?» ብሎ ጠየቀ። ጋሼ ያላቸው ሽማግሌ ብዙ ዓመት በመሪ ላይ የኖሩና ደንቡን አንብበው የሚያውቁት ሰው ነበሩ። ከኪሳቸው አንድ የመዳብ መልክ ያላት የአሜሪካ ሳንቲምና አንድ የወረቀት ዶላር አውጥተው ገበታው ላይ አኖሩና፣ «ስማ ልጄ፣ ሳንቲሟን ከቁስሉ ላይ አድርጋት፤ ከሸፈነችው ደኅና ነህ። ከአጠገቡ ሌላ ቁስል ካለ ደግሞ ዶላሩን ከሁለት እጠፈውና በመካከላቸው አጋድመው፤ ሙሉ በሙሉ ካልገባ መስታወቱን ሳታስጠግን አትነሣ» አሉት። እኔም በኋላ ልኩን ስመለከተው የሽማግሌው ብልኀት የተጣራ ሆኖ አገኘሁት፤ የአንድ ሳንቲሟ ስፋት 19.05 ሚሊሜትር ሲሆን፣ 156 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ዶላርም ከሁለት ሲታጠፍ 78 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ሕጉ ከጠየቀው ከ76 በሁለት ሚሊሜትር ብቻ ስለሚበልጥ ለጥንቃቄ የሚያዘነብል መለኪያ ነው።

መስታወቱ ራሱ ምን እንደ ሆነ ማወቅም የስንጥቅን ባሕርይ ለመረዳት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1903 ኤድዋር ቤኔዲክቱስ የተባለ ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ፣ ከመደርደሪያ የወደቀ አንድ የመስታወት ዕቃ ተሰንጥቆ ሳይበታተን መቅረቱን አይቶ ተደነቀ፤ ምክንያቱን ሲመረምርም ቀድሞ በውስጡ የነበረው ፈሳሽ ደርቆ ስስ ሽፋን ሠርቶ ስብርባሪውን እንደ ያዘው ተረዳ ይባላል። ከዚህም የተነሣ ሁለት መስታወቶችን በመካከላቸው በሚገባ ስስ ሽፋን አጣብቆ የመሥራትን ብልኀት አገኘና እ.ኤ.አ. በ1909 የፈጠራ መብት አወጣበት። የዛሬው የፊት መስታወት የዚያ ልጅ ነው፤ ሁለት ገጽ መስታወት፣ በመካከላቸውም ፖሊቪኒል ቡቲራል የተባለ ጠንካራና ብርሃን አሳላፊ ሽፋን አለው። የበሩ መስታወት ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ዓይነት ነው፤ በእሳት ግሎ በነፋስ ባንዳፍታ የቀዘቀዘ በመሆኑ ሲሰበር እንደ ስለት ሳይሆን ደነዝ ሆኖ እንደ ጨው ድንጋይ ፍርፋሪ ይበተናል። ስለዚህ የበር መስታወት ወይ ደኅና ነው ወይ ፈጽሞ የለም፤ የፊት መስታወት ግን ታምሞ ሊሰነብት ይችላል፤ የሹፌሩ ፈተናም ከዚህ መሰንበቱ ይመጣል።

ሕመሙን የሚያባብሰውም ብርድና ሙቀት ነው። ሹፌሩ ሌሊቱን ከጋቢናው አልጋ ላይ አድሮ ሲነሣ፣ ውጭው በረዶ ሆኖ መስታወቱ እንደ ግግር ቀዝቅዞ ሳለ፣ የማሞቂያውን ነፋስ እስከ መጨረሻው ከፍቶ ይለቅበታል፤ የውስጡ ገጽ ሲሞቅ የውጭው እንደ ቀዘቀዘ ይቆያልና አንዱ ሲለጠጥ ሌላው አልከተል ይለዋል፤ ትናንት ከሳንቲም ያነሰ የነበረው ቁስልም በዓይን እያየው ይሮጣል። ይህን የሚያውቁ ሹፌሮች ማሞቂያውን ቀስ በቀስ ከፍ ያደርጋሉ፤ ጠጠር ባገኛቸውም ዕለት ውሃና አቧራ ሳይገባበት ቁስሉን በግልጽ ቴፕ ይሸፍኑታል። ትንሽ ቁስል በጊዜው ከደረሱለት፣ በውስጡ ያለው አየር ተስቦ ወጥቶ ፈሳሽ ሙጫ ይገባበትና በአልትራቫዮሌት ብርሃን ይደርቃል፤ ጠባሳው ጥቂት ቢታይም መስፋፋቱ ይቆማል። ስንጥቅ ከሮጠ በኋላ ግን መስታወቱን ከመለወጥ በቀር ሌላ መድኃኒት እምብዛም የለውም።

ስለ ምን ይህን ያህል እንደምንጨነቅ መናገር ያስፈልጋል። ሙሉ ጭነት ያለው ባለ ተሳቢ መኪና በሰዓት 65 ማይል ሲሄድ በአንድ ሴኮንድ 29 ሜትር ያህል ይምዘገዘጋል፤ ሹፌሩ አደጋውን አይቶ እስኪቆም ድረስም 160 ሜትር ግድም ይወስድበታል። ይህ ሁሉ የሚጀምረው ከማየት ነው። በቀን ምንም የማይመስል ስንጥቅና ጭረት፣ በሠርክ ፀሐይ ዝቅ ብላ በፊት ለፊት ስትመጣ ወይም በሌሊት የሚመጣ መኪና መብራት ሲያርፍበት፣ ብርሃኑን ወደየአቅጣጫው ይበትንና በሹፌሩ ዓይን ፊት የብርሃን መጋረጃ ይዘረጋል። ከመጋረጃው በስተጀርባ ጎማው ፈንድቶ መንገድ ዳር የቆመ አባወራና ልጆቹ፣ ወይም ሰንሰለት ለማሰር የተንበረከከ ሌላ ሹፌር ሊኖር ይችላል። በዚያ ተራራ፣ ከዶትሴሮ እስከ ሞሪሰን ባለው መንገድ፣ ከመስከረም መጀመሪያ እስከ ግንቦት መጨረሻ በፈረንጅ አቈጣጠር ከባድ የጭነት መኪና ሁሉ ሰንሰለት ይዞ እንዲሄድ የግዛቱ ሕግ ያዛልና፣ በበረዶ ጊዜ በመንገድ ዳር ተንበርክኮ የሚሠራ ሰው ማየት የተለመደ ነው።

ሕጉ ግን ለመስታወት የሰጠው ክብደት አነስተኛ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 መጨረሻ ጀምሮ የፌዴራሉ የጭነት ትራንስፖርት ደኅንነት አስተዳደር በየመንገዱ የተጻፉትን ጥፋቶች ሰብስቦ ከ1 እስከ 10 በሚደርስ መጠን ለየኩባንያው ሲመዝን ቈይቷል። በዚያ ሥርዐት የጎማ ጉድለት 8፣ አብዛኛው የፍሬን ጉድለት 4 ሲሆን፣ የመስታወትና የዝናብ መጥረጊያ ጉድለት 1 ብቻ ነበር። ይህም በስድስት ወር ውስጥ ለተገኘ ጥፋት በሦስት፣ ከዚያ እስከ አንድ ዓመት በሁለት ይባዛል፤ ሁለተኛው ዓመት ሲፈጸም ይወርዳል። ፍሬንና ጎማ ከመስታወት መብለጣቸውን አልቃወምም፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 ከዚሁ ተራራ ግርጌ፣ በሌክውድ ከተማ፣ ፍሬን እምቢ አለኝ ያለ ሹፌር የያዘው የጭነት መኪና ተሰልፈው በቆሙ መኪኖች ላይ ወጥቶ አራት ነፍስ መጥፋቱን የማያስታውስ የኮሎራዶ ሰው የለም። የሚያሳስበኝ ግን የቍጥሩ ማነስ ሰውን ማዘናጋቱ ነው። ፍሬን በመኪናው ሆድ ውስጥ ተሰውሮ ሲኖር፣ መስታወት ገና ከሩቅ ለመርማሪው ዓይን ይታያል፤ የተጎዳ መስታወት ያየ መርማሪ ደግሞ ባለቤቱ ሌላውንም ቸል ብሎ ይሆናል ብሎ መጠርጠሩ አይቀርም። እንዲህ ሆኖ አንዲት ነጥብ 37 ደረጃ ያለውን ሙሉ ምርመራ ትጠራለች፤ ዝናብ ወይም በረዶ እየወረደ በሹፌሩ ወገን ያለው መጥረጊያ የማይሠራ ሆኖ ከተገኘም መኪናው እዚያው እንዲቆም ይታገዳል።

ወጪውን ማን ይሸከመዋል? በዚያች ገበታ ላይ ድምፅ ከፍ ያለው በዚህ ጥያቄ ነበር። አብዛኛው ሹፌር የሚከፈለው በማይል ነውና መኪናው ለመስታወት ለውጥ በቆመበት ቀን እንጀራው ይቆማል፤ የገዛ መኪናውን የሚነዳ ከሆነ ደግሞ የመስታወቱም ዋጋ የእርሱ ነው። አንዱ ሹፌር፣ መስታወቱ መሰንጠቁን በየቀኑ ቢጽፍም የሚሠራበት ኩባንያ «ይህን ጭነት አድርስና እናየዋለን» እያለ ለሳምንታት እንዳስኬደው በምሬት ተናገረ። እንዲህ ያለው ሰው ብቻውን አይደለም፤ ሕግ ከጎኑ ቆሟል። እ.ኤ.አ. ከጥር 2016 ጀምሮ የጸና ደንብ፣ ኩባንያም ሆነ ጭነት ላኪ ወይም ደላላ ሹፌርን በማስፈራራት የደኅንነት ደንብ እንዲተላለፍ ማስገደድን ይከለክላል፤ የተገደደ ሹፌርም በ90 ቀን ውስጥ አቤት ማለት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ ጉድለት ያለበትን መኪና አልነዳም በማለቱ ከሥራ የተባረረ ሹፌር በ180 ቀን ውስጥ ለሠራተኛ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እንዲያመለክት ይፈቅዳል። ለዚህ ሁሉ መነሻ የሚሆነው ግን ሹፌሩ በዕለታዊ የመኪና መግለጫው ላይ ጉድለቱን በጽሑፍ ማስፈሩ ነው። ደንቡ በዚያ መግለጫ ላይ በስም የዘረዘራቸው ክፍሎች የዝናብ መጥረጊያንና የኋላ ማያ መስታወትን ሲጨምሩ፣ የፊት መስታወት ግን በስሙ አልተጠቀሰም፤ ስለዚህ ሹፌሩ ራሱ አስታውሶ ሊጽፈው ይገባል።

ከስንጥቅ ሌላ በመስታወት ላይ የሚጨመር ነገርም አለ። ለፊት መስታወትና ከሹፌሩ ግራና ቀኝ ላሉት መስኮቶች የሚደረግ የጥላ ቀለም ከብርሃኑ ቢያንስ 70 በመቶውን ማሳለፍ አለበት፤ ከሻጭ እጅ ጥቁር መስታወት ያለው መኪና የገዛ ሰው ይህን ሳያስመረምር መንገድ መውጣት አይገባውም። የመንገድ ካሜራና መሰል የደኅንነት መሣሪያዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በተሻሻለው ደንብ መሠረት፣ መጥረጊያው ከሚጠርገው ስፍራ የላይኛ ጠርዝ እስከ 216 ሚሊሜትር ዝቅ ብለው፣ ከሹፌሩ የእይታ መስመር ውጭ ሆነው እንዲለጠፉ ተፈቅዷል። እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ከመስታወቱ ላይ የእመቤታችንን ወይም የቅዱስ ገብርኤልን ሥዕለ አድኅኖ መለጠፍ፣ መስቀልና መቁጠሪያ ማንጠልጠል ልማዳችን ነው። ይህን በፍቅር የሚያደርገውን ሰው ልነቅፈው አልደፍርም፤ ግን መንገዱን የሚጋርድ ነገር ጥፋት ተብሎ ሊጻፍበት ስለሚችል፣ ሥዕሉን ከጋቢናው አልጋ በላይ ባለው ግድግዳ በክብር ቢሰቅለው ጸሎቱም እይታውም ይጠበቅለታል።

አሁን ደግሞ የቋንቋው ነገር ከሁሉ ይልቅ አሳሳቢ ሆኗል። ሹፌር የመንገድ ምልክት እንዲያነብና ከባለ ሥልጣን ጋራ በእንግሊዝኛ እንዲነጋገር የሚጠይቀው ደንብ አሮጌ ነው፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከሰኔ 25 ቀን 2025 ጀምሮ ይህን መፈጸም ያልቻለ ሹፌር ከመንዳት የሚታገድበት ምክንያት ሆኗል። እንግዲህ መርማሪው በስንጥቁ ምክንያት ቢያስቆመው፣ ውይይቱ በመስታወት ጀምሮ በቋንቋ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ በየቡና ቤቱና ከቅዳሴ በኋላ በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የሚገናኙ ሹፌሮች፣ የመኪናቸውን ክፍሎች ስምና መርማሪው የሚጠይቃቸውን ጥያቄዎች በእንግሊዝኛ እየተለማመዱ ቢሰነብቱ መልካም ነው፤ የሽማግሌዎቹ ዕውቀት እስከ ዛሬ በቃል ለወጣቶቹ ሲተላለፍ ኖሯል፣ አሁን ግን በወረቀት ጽፎ መስጠትም ያስፈልጋል።

ወደ ምርመራው ወረቀት ስንመለስ፣ ጥፋት የተጻፈበት ሹፌር ወረቀቱን በ24 ሰዓት ውስጥ ለኩባንያው ማድረስ አለበት፤ ኩባንያውም በ15 ቀን ውስጥ ጉድለቱን ማስጠገኑን በፊርማው አረጋግጦ ወረቀቱን ለመረመረው መሥሪያ ቤት ይመልሳል፣ ግልባጩንም ለአንድ ዓመት ያኖራል። ምርመራው በሹፌሩ የሥራ ታሪክ ውስጥ ለሦስት ዓመት ይታያል፤ አዲስ ቀጣሪም ይህን ማየት ይችላል። መርማሪው ተሳስቶ ብቻውን የቆመውን ስንጥቅ ጥፋት ብሎ ጽፎት እንደ ሆነ፣ ሹፌሩ ወይም ኩባንያው ዴታ ኪውስ በተባለው የፌዴራል ማመልከቻ ሥርዐት በኩል ያቀርባል፤ ጉዳዩም ምርመራውን ባደረገው ግዛት ይታያል። ለማስረጃ የሚሆነው በዚያው ቀን፣ በዚያው ቦታ የተነሣ ፎቶግራፍ ነው፤ ከመሪው ጫፍ እስከ መስታወቱ ጠርዝ ያለውን ስፍራ ሙሉ አድርጎ የሚያሳይ አንድ፣ ስንጥቁን ከመነሻው እስከ መድረሻው የሚያሳይ አንድ፣ ከቁስሉም አጠገብ ልኩን የሚያሳይ መለኪያ የተቀመጠበት አንድ ያስፈልጋል። አቤቱታው የጸደቀ እንደ ሆነ የተጻፈው ጥፋት ከመዝገቡ ይሰረዛል።